በዋሻ ውስጥ ጨለማ ከየት ይጀምራል?

ዋሻ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ የሚሄደው ወደ ጨለማ ነው። ነገር ግን ዋሻ ሁሉ ጨለማ አይደለም፤ ጨለማም ቢሆን እንደ መጋረጃ በአንድ ጊዜ አይወርድም። ከዋሻው አፍ እስከ ጓዳው ድረስ ብርሃን ደረጃ በደረጃ እየደከመ ይሄዳል፤ ይህም ድካም በቍጥር ሊለካ፥ በካርታም ሊሣል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህንኑ አለካክ ለጓደኞቼ ማስረዳት ነው። «የታሪክ ተማሪ በብርሃን መለኪያ ምን ያገባዋል?» የሚል የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጅ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ዕረፍት በአገሬ በገደብ ነው። የኛ አገር ሰው ብርሃንን የሚያውቀው በጥላ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ጌዴኦ ቡናውን ከእንሰት ጋር፥ እንሰቱን ከትልልቅ ዛፎች ሥር አድርጎ የሚያበቅል ሕዝብ ስለ ሆነ፥ በቀትር እንኳ ከጓሮ ወደ መንገድ ሲወጡ ዐይን ይጨፈናል። (ይህ የአተካከል ጥበብና ጥንታውያኑ ትክል ድንጋዮች አንድ ላይ ሆነው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ተብለው በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።) መሬታችን እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር እንደሚገኘው ያለ በኪሎ ሜትር የሚቈጠር ዋሻ ከኛ ዘንድ አይጠበቅም። ሆኖም ከአጎቴ ማሳ በታች፥ ከጅረቱ ዳር፥ ከገደሉ ሥር አንድ ዋሻ አለ። ርዝመቱ በኔ እርምጃ ከሠላሳ ጥቂት ያልፋል። ስሙንና መንገዱን እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራለሁ።

በዚህ ዋሻ ውስጥ፥ ከአፉ ዘጠኝ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፥ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። ልጆች ሳለን ፍየል ስንጠብቅ ዝናም ሲመጣ ከዋሻው እንጠለል ነበር፤ ታዲያ ታላላቆቻችን «ከድንጋዩ አትለፉ» ይሉናል። ከድንጋዩ አራት እርምጃ ያህል አልፎ በወለሉ ላይ ወገብ የሚውጥ ስንጥቅ አለ። ድንጋዩን ያስቀመጠው የአጎቴ አባት ነው ይባላል። እኔም እንግዲህ መጽሐፍ አንብቤ፥ መለኪያ ይዤ የመጣሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ድንጋዩ በትክክል ጨለማው በሚጀምርበት ቦታ መቀመጡን ልመረምር ተነሣሁ።

አስቀድሞ ስለ መለኪያው። የብርሃን ብዛት በአንድ ገጽ ላይ ሲያርፍ የሚለካው ሉክስ በሚባል ስፍር ነው። ደመና በሌለበት ቀትር ሜዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን 10,000 ወይም ከዚያም በታች ይሆናል። በደኅና መብራት የምናነብበት ጠረጴዛ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ቢያገኝ ይበቃዋል። ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠን ከአንድ ሉክስ ሩብ አይበልጥም፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የከዋክብት ብርሃን አንድ ሺሕኛ ሉክስ ገደማ ነው። እንግዲህ ከቀትር ፀሐይ እስከ ሙሉ ጨረቃ ያለው ልዩነት አራት መቶ ሺሕ እጥፍ ነው ማለት ነው፤ የሰው ዐይን ግን በሁለቱም ይሄዳል፤ በሁለቱም መንገዱን ያገኛል።

የኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። የዋሻ ጥናት ሊቃውንት ዋሻን የመግቢያ ክፍል፥ የድንግዝግዝ ክፍልና የጨለማ ክፍል ብለው ይከፍሉታል። አማርኛ ግን ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፥ ድንግዝግዝ ሲል፥ ሲጨልም፥ ድቅድቅ ሲል እያለ ከዚያ የበለጠ ደረጃ ያውቃል። በመግቢያው ክፍል ፀሐይ በቀጥታ ልታርፍ ትችላለች፤ ሣርና ቅጠልም ይበቅላል። በድንግዝግዙ የፀሐይ ጨረር ራሱ ባይደርስም የሰማዩ ብርሃን ገና አለ። በመጀመሪያ ፈርን ይታያል፤ ቀጥሎ ርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሥጋጃ የሚነጠፈው ጥቃቅን አረንጓዴ፤ በመጨረሻም ድንጋዩን ቀለም የቀቡት የሚመስለው አልጌ ብቻ ይቀራል። አረንጓዴው የሚያልቅበት ቦታ ያለ መሣሪያ የሚነበብ የብርሃን መለኪያ ነው፤ ምክንያቱም ቅጠል እንደ ዐይን አይለማመድም፤ ከሚበላው በላይ የሚሠራበት ብርሃን ካጣ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ የሚኖር ፍጡር ምግቡን ከውጭ የሚያመጣለት ይሻል፤ ጎርፍ የሚያገባውን ቅጠል ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ ይጠብቃል።

ብርሃን ይህን ያህል ፈጥኖ የሚያልቀው ለምንድን ነው? ጨለማው ውስጥ ቆመው ወደ አፉ ዘወር ብለው ቢያዩ መልሱ ይታያል። የዋሻው አፍ በመጀመሪያ እንደ ምጣድ ሰፊ ነው፤ ሲርቁ እንደ ሳሕን፥ ሲርቁ እንደ ሳንቲም ይሆናል። ወደ እኛ የሚመጣው ብርሃን በዚያ ቀዳዳ በኩል በሚታየን የሰማይ መጠን ልክ ነው። ከአፉ በቂ ርቀት ከገባን በኋላ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዋሻው ከታጠፈና ሰማዩ ከተሰወረ ደግሞ የሚቀረው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ የሚመጣው ብቻ ነው። እዚህ ላይ የድንጋዩ ቀለም ወሳኝ ነው። ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ካረፈበት ብርሃን ግማሽ ያህሉን ሊመልስ ይችላል፤ ጥቁር ባዛልት ወይም ጢስ የጠጣ ግድግዳ ከአሥር አንዱን ቢመልስ ነው። ብርሃኑ ሦስት ጊዜ ቢላተም ከነጩ ዘንድ አንድ ስምንተኛ፥ ከጥቁሩ ዘንድ አንድ ሺሕኛ ይተርፋል።

አለካኩ ሁለት ሰው ይሻል። አንዱ ከውጭ፥ ሰማዩ በደንብ በሚታይበት ቦታ ይቆማል፤ አንዱ ሜትርና ኮምፓስ ይዞ ይገባል። በየሁለት ሜትሩ ቆሞ በፉጨት ምልክት ሲሰጥ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጽፋሉ። የውጭው ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፥ በክረምት አንድ ደመና ባለፈ ቍጥር የውጩ ብርሃን በደቂቃ ውስጥ ብዙ እጥፍ ይለዋወጣልና ነው። ካርታ ላይ የሚገባው እንግዲህ የውስጡ ሉክስ ብቻ ሳይሆን የውስጡ ለውጩ ሲካፈል የሚገኘው ነው። መለኪያውን በአንድ ከፍታ መያዝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፥ አንድ ጊዜ ወደ አፉ ማዞር፥ በገዛ አካል አለመጋረድ፥ ነጭ ልብስ አለመልበስ ተገቢ ነው። ነጭ ሸሚዜ በጠባቡ ቦታ መለኪያውን ከፍ ሲያደርገው በዐይኔ ስላየሁ ነው ይህን የምለው።

ካርታው ላይ 1,000፥ 100፥ 10፥ 1 እያሉ በየአሥር እጥፉ መስመር ይሠመራል። በየመቶው እኩል ልዩነት እሠምራለሁ የሚል ሰው መስመሮቹ ሁሉ አፉ ላይ ተከምረው ጓዳው ባዶ ይሆንበታል። ዐይናችንም ብርሃንን የሚቈጥረው በእጥፍ እንጂ በመደመር አይደለም። (መጽሔታችን በማባዣ የሚወጣ ስለ ሆነ ጥላና ቀለም አይቀበልም፤ ካርታዬን ያላወጣሁትም ስለዚህ ነው።)

መሣሪያዬ የስልኬ ብርሃን መለኪያ ነበረ። ይህ መሣሪያ የተሠራው የስልኩን መስታወት ለማድመቅና ለማደብዘዝ ስለ ሆነ በደማቅ ቦታ ደኅና ነው፤ በድንግዝግዙ ግን ሐሰተኛ ይሆናል። በሃያኛው እርምጃ ላይ ዜሮ አለኝ። እኔ ግን ተቀምጬ ብዙ ስለ ቆየሁ ግድግዳውም፥ ስንጥቁም፥ የጣቶቼም ብዛት ይታየኝ ነበር። የዐይናችን ጀርባ ሁለት ዐይነት ብርሃን ተቀባዮች አሉት። አንዶቹ ለቀንና ለቀለም ናቸው፤ ሌሎቹ ቀለም የማይለዩ፥ ለጨለማ የተፈጠሩ ናቸው። እነዚህ ሁለተኞቹ ከደማቅ ብርሃን መጥተው ሙሉ ኀይላቸውን እስኪያገኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል፤ አንድ ጊዜ ነጭ ባትሪ ካበራን ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት ይጠፋል፤ እንደ ገና መጠበቅ ነው። ቀይ ብርሃን ብዙ ስለማያውካቸው ለካዮች ደብተራቸውን በደካማ ቀይ መብራት ያነባሉ። የስልክ መስታወት ደግሞ ራሱ መብራት ነው፤ እየለካሁ እታወር ነበር ማለት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሉክስን እስከ መቶኛው የሚለይ እውነተኛ መለኪያ ይግዛ።

ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ሒሳቤ እንዲህ አለኝ፤ ጨለማው የሚጀምረው በሃያኛው እርምጃ ነው፤ ስንጥቁ በዐሥራ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሲሆን በደንብ ይታያል፤ ስለዚህ የአያቶቻችን ድንጋይ ያለ ቦታው ተቀምጧል። ድንጋዩን አንሥቼ ወደ ሃያኛው እርምጃ ወሰድሁት። እንዲያውም ኮርቼ በላዩ ላይ በኖራ ምልክት አደረግሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናም ሳይዘንብ አጎቴ ጠሩኝ። ፍየሎች የሚጠብቁትን ልጆች ዋሻው አፍ ላይ አስቁመዋቸዋል።

«ድንጋዩን ማን ነካው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፥ ጋሼ። ለክቼ ነው። እዚያ ድረስ እኮ ይታያል።»

«ለማን ነው የሚታየው?»

«ለኔ ታይቶኛል።»

«ና ወደ ውጭ ውጣ» አሉኝ። ፀሐይ ከደመና ወጥታ ነበር። ሜዳው ላይ ጥቂት አቆሙኝና «አሁን ዝናም እንዳባረረው ልጅ ሮጠህ ግባ፤ ከድንጋዩ ከቀድሞው ቦታ ግን ቀጥ በል» አሉኝ። ሮጬ ገባሁ፤ ሲጮኹብኝም ቆምሁ። ከፊቴ ያለው ሁሉ እንደ ጥላሸት ነው። አራት እርምጃ ብቻ የቀረኝ ስንጥቅ ጨርሶ አይታይም።

«አንተ ቁጭ ብለህ ዐይንህን አስለምደህ አየህ። ዝናም የሚያባርረው ልጅ ቁጭ ይላል?» አሉኝና ድንጋዩን በገዛ እጄ አስመለሱኝ። ከልጆቹ አንዱ ከኖራው ምልክት የተነሣ እስከ ዛሬ ይሥቅብኛል።

ከዚህ በኋላ ካርታዬን እንደ ገና ሠራሁት። አሁን በካርታው ላይ ሁለት የጨለማ ድንበር አለ። አንደኛው የመጤ ዐይን ድንበር ነው፤ ከፀሐይ ቀጥታ የገባ ሰው ወለሉን መለየት የሚያቅተው ቦታ። ሁለተኛው የለመደ ዐይን ድንበር ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በደመናማ ቀን ይጠብባል፤ ፀሐይ በበዛበት ቀን ይሰፋል። አስገራሚው ነገር፥ ውጩ በደመቀ መጠን የዋሻው ውስጥ በእውነቱ ይበልጥ ብርሃን ያገኛል፤ ለሚገባው ሰው ግን ይበልጥ ይጨልምበታል። በፊት ያነበብኋቸው ጽሑፎች ስለ ዕፀዋትና ስለ ነፍሳት የተጻፉ ስለ ነበሩ የሚያስቡት ስለ ሁለተኛው ድንበር ብቻ ነበር። ስለ ሰው ግን የመጀመሪያው ይበልጣል።

ደግሞ ድንበሩ በሰዓትና በወራት ይንቀሳቀሳል። ገደብ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለ ሆነች፥ የቀትር ፀሐይ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ገደማ በአናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ 17 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፥ በታኅሣሥ 29 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በአውሮፓ እንደሚባለው «ወደ ደቡብ የዞረ ዋሻ ፀሐያማ ነው» ማለት ለኛ አይሠራም። የቀትር ፀሐያችን ሁልጊዜ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የትኛውም ዋሻ ውስጥ ርቃ አትገባም፤ 60 ዲግሪ ከፍ ያለች ፀሐይ 3 ሜትር ቁመት ባለው አፍ የምትገባው 1.7 ሜትር ብቻ ነው። ከወጣች ግማሽ ሰዓት ገደማ የሆናት የጧት ፀሐይ ግን ከፍታዋ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ስለሚሆን፥ ፊት ለፊቷ ባለውና ወለሉ በተስተካከለ ዋሻ በዚያው አፍ ከ25 ሜትር በላይ ትዘልቃለች። ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ግን ተመልሳ ትወጣለች። ስለዚህ በኛ አገር ጥልቅ ብርሃን የሚያገኙት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተከፈቱ ዋሻዎች ናቸው፤ እሱንም በቀን ለጥቂት ደቂቃ።

ትልቁን ነገር ለማየት የሚፈልግ ወደ ባሌ ይሂድ። የሶፍ ዑመር ዋሻ በወይብ ወንዝ የተቦረቦረ ሲሆን የተለካው ርዝመቱ 15.1 ኪሎ ሜትር ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው እዚያ እንደ ተጠለሉ ከሚነገርላቸው ከሼኽ ሶፍ ዑመር ነው፤ ቦታው እስከ ዛሬ የተከበረ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ዋሻዎች በእንግሊዝ አገር የታተመው ጥናት ከሚመዘግባቸው ዋነኛው ይህ ነው። ድንጋዩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አፎቹም ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ዋሻ የጨለማ ካርታ ቢሠራለት እንደኛ ዋሻ በአንድ አቅጣጫ እየጠቈረ የሚሄድ አይሆንም፤ በየአፉ ዙሪያ የብርሃን ኩሬዎች፥ በመካከላቸውም የጨለማ ደሴቶች ይኖሩታል። ወንዙ የመጣውን ብርሃን እንደ መስተዋት ወደ ጣሪያው ይመልሳል፤ የውሃው ከፍታ ሲለወጥም ካርታው ይለወጣል።

እዚህ ላይ ነው የታሪክ ተማሪ የሚገባበት። ሰው በዋሻ ኖረ ሲባል የኖረው በጨለማው ውስጥ አይደለም። በባሌ ተራሮች በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በፍንጫ ሀበራ የድንጋይ መጠለያ፥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበረ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ፥ ባልጩት ይጠርቡ ነበር። ባልጩት የሚጠርብ ሰው ጣቱን ማየት አለበት። ስለዚህ የድንጋይ ስብርባሪው በወለሉ ላይ የት እንደ ተከማቸ ከብርሃኑ ካርታ ጋር ቢነጻጸር፥ ሰዎቹ ከአፉ ምን ያህል ገብተው እንደሚሠሩ፥ የት እንደሚተኙ፥ እሳት ለብርሃንም ይጠቀሙ እንደ ነበረ መገመት ይቻላል። በላስታ ደግሞ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን እንመልከት። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው በሰፊ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው በጠቈረ እንጨትና በነጭ ልስን ተራ በተራ የተዋቀረ ነው። ነጩ መደብ ከአፉ የሚመጣውን ጥቂት ብርሃን የሚመልስ መሆኑን ላየው ሰው መንገር አያስፈልግም። የደረቁት የሙታን አስከሬኖች ያሉት ከሕንጻው በስተ ኋላ፥ ጓዳው ውስጥ ነው። ሕያዋን ለብርሃኑ፥ ሙታን ለጨለማው ተመድበዋል ማለት ነው፤ ይህ ግን የኔ ግምት ነው።

የጨለማውን ጥንካሬ ለመረዳት ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማልያ እንሂድ። በዚያ ከመሬት በታች ባለ ውሃ ውስጥ ዐይን የሌላት ዓሣ ትኖራለች። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር የዚህች ዓሣ የውስጥ ሰዓት ብርሃን ቢበራላት እንደማይሰማ፥ በመደበኛ ጊዜ በሚሰጣት ምግብ ግን እንደሚሞላ፥ አንዱ ዙሩም 47 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ አስታወቀ። የኛ ቀን ለርሷ ቀን አይደለም።

ዋሻን በመብራት መክፈትም ዋጋ አለው። በፈረንሳይ አገር የላስኮ ዋሻ ጥንታዊ ሥዕሎች በ1940 ተገኝተው በ1948 ለሕዝብ ተከፈቱ፤ በመብራቱና በጎብኚው ብዛትና ትንፋሽ የተነሣ አረንጓዴ አልጌ ሥዕሎቹ ላይ በቀለባቸው፤ በ1963 ዋሻው ተዘጋ። ለሶፍ ዑመር መብራት ይግባ የሚል ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

የኛን ዋሻ ስም ያልጻፍሁበት ምክንያት የሌሊት ወፎቹ ናቸው። ፍሬ በሉ የግብጽ የሌሊት ወፍ በዋሻ የሚያድር ሲሆን የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. አንዲት የሆላንድ አገር ጎብኚ በኡጋንዳ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ ገብታ ተመልሳ በዚሁ በሽታ ሞታለች። የኛዎቹ የትኛው ዐይነት እንደ ሆኑ የሚለይ ባለሙያ አላያቸውም። ስለዚህ ከኩሱ መስመር አልፌ አልለካሁም፤ ካርታዬም ከሃያ አራተኛው እርምጃ ወዲያ ባዶ ነው። ወፎቹ ያሉበትን ዋሻ ለመለካት የሚሄድ ማንም ቢኖር ከባለሙያ ጋር፥ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ እንጂ እንዲሁ አይግባ።

የቀረኝ ሥራ የጧቱ ነው። ዋሻችን ወደ ምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ የተከፈተ ስለ ሆነ፥ ክረምት በደመና ምክንያት የጧት ፀሐይ ሲገባበት አላየሁም። ለገና ስሄድ፥ ቡናው በሚለቀምበት ሰሞን፥ ከጧቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ እዚያ ልገኝ አስቤአለሁ። አጎቴ በዚያ ወራት ፀሐይ ስንጥቁን አልፋ እስከ ጓዳው እንደምትታይ፥ ልጅ ሆነው አይተው እንደ ነበረ ነግረውኛል። እውነተኛ ሉክስሜትር የሚያውሰኝ የፊዚክስ ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ከውጭ ቆሞ የሚጽፍ ሁለተኛ ሰውም ያስፈልገኛል። የኖራውን ምልክት ግን ዝናም አጥቦታል።